አዋልድጌሳና አፈሩ

የአንድ እንስሳ አገሩ የት ነው? ካርታ ዘርግተን ብንመልስ፣ አዋልድጌሳ ከሰሃራ በታች ባለው ምድር ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይኖራል። ካርታው የት እንዳለ ይናገራል፤ ለምን እዚያ እንደሆነ ግን አይናገርም። ምክንያቱን ከአካሉ እንጠይቅ።

አዋልድጌሳ ጀርባው የጎበጠ፣ ጆሮውና አፍንጫው የረዘመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን እንስሳ ነው። ሌሊት ከጉድጓዱ ወጥቶ መሬቱን እያሸተተ ይሄዳል። ኩይሳ ሲያገኝ በፊት እግሩ ጠንካራ ጥፍሮች ጎኑን ይሰብራል፤ አቧራው እንዳይገባበት አፍንጫውን ይዘጋል፤ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ተጣባቂ ምላሱን ሰዶ ምስጡን ይለቅማል። ወፍራም ቆዳው ንክሻውን ይችልለታል። ይህ አካል ድንጋያማ መሬት ላይ ከንቱ ነው። እንግዲህ የአዋልድጌሳ አገር ጥፍሩ የሚቆፍረው አፈርና ምላሱ የሚደርስበት ምስጥና ጉንዳን ያለበት ምድር ነው።

«ታዲያ አካሉን የሠራው ምድሩ ብቻ ነዋ» የሚል ሊኖር ይችላል። ይህ ግን የእውነቱን ግማሽ ያስቀራል። በደቡብ አሜሪካም ጉንዳንና ምስጥ የሚበሉ ረጅም ምላስና ብርቱ ጥፍር ያላቸው እንስሳት አሉ። የቀደሙ ሊቃውንት መልኩን አይተው አዋልድጌሳን ከእነርሱ ጋር መድበውት ነበር። እነዚያ ጥርስ የላቸውም፤ አዋልድጌሳ ግን አለው፤ ያውም ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ የጥርስ ሽፋን የሌለው፣ እርስ በርስ ከተጣበቁ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሠራ ጥርስ። ዛሬ በሕይወት ካሉ አጥቢዎች እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ሌላ የለም። የዘረ መል ጥናትም ዝምድናው ከዝሆንና ከሽኮኮ ወገን መሆኑን አሳይቷል። ኑሮ መልክን ሲያመሳስል የትውልድ ሐረግ ልዩነቱን ጠብቆ ያቆያል። ስለዚህ ምድር ብቻውን ፍጥረትን አይሠራም።

ፍጥረትም በተራው ምድሩን ይሠራል። አዋልድጌሳ ትቶት በሄደው ጉድጓድ ከርከሮ፣ ጃርት፣ ጅብና ዘንዶ ይጠለላሉ። በአፍሪካ ደቡባዊ ክፍል ፍሬውን ከመሬት በታች የሚያፈራ የዱር ዱባ አለ፤ አዋልድጌሳ ቆፍሮ ይበላዋል፤ ዘሩንም ከእበቱ ጋር ቀብሮ ይተክልለታል። ያለ እርሱ ቁፋሮ ያ ፍሬ ከአፈር ሥር የሚያወጣውና ዘሩን የሚያሰራጭለት አያገኝም።

ይህ ትስስር ሲላላ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2012 እና 2013 በካላሃሪ በረሃ በደረሰ ድርቅ ሣሩ ጠፋ፣ ሣሩን ተከትሎ ምስጡ ጠፋ። ተመራማሪዎች ይከታተሏቸው ከነበሩት ስድስት አዋልድጌሳዎች አምስቱ ሞቱ። ከስተው የሰውነታቸውን ሙቀት መጠበቅ ስላቃታቸው፣ የሌሊት እንስሳት ሆነው ሳለ በቀን ይወጡ ነበር። ካርታው ላይ ያለው ድንበር አልተለወጠም፤ አገራቸው ግን ከሥራቸው ጠፍቶ ነበር።

አገር ማለት እንግዲህ ትውልድ ያወረሰው አካልና ምድር በየዕለቱ የሚገናኙበት ሥራ ነው። ሥራው ሲቋረጥ የቀረው ቦታ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አዋልድጌሳን እጠብቃለሁ የሚል ሁሉ በቅድሚያ አፈሩን፣ ሣሩንና ምስጡን መጠበቅ አለበት እላለሁ፤ እንስሳውን ከእነዚህ ነጥሎ ማዳን አይቻልምና።