ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሎን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ አልቆ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ስወጣ፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ አንዲት እናት ጠበቀችኝ። «መምህር፣ ስለ ጾም አይደለም፤ ስለ ንስሐም አይደለም» አለችኝ። በጥያቄዋ ያፈረች ትመስላለች። «ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ተች ስልክ ካልገዛሽልኝ ብሎ አኩርፎ ምሳ መብላት ትቷል። የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ይዘዋል ይለኛል። በስንት ዓመቱ ነው የሚሰጠው?»

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። «ላስብበትና እነግርሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት። የዛሬው ትምህርት ለእሷ የምሰጠው መልስ ነው። ግን እሷ ብትጠይቀውም ጥያቄው የብዙዎቻችሁ መሆኑን ስለማውቅ፣ ሁላችሁም ስሙት።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ጌታችን በሥጋ 12 ዓመት ሲሆነው፣ እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ እንደ ልማዳቸው ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። በዓሉ ተፈጽሞ ሲመለሱ እሱ እዚያው ቀረ። እነሱ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከዘመድና ከወዳጅ መሐል ፈልገው ሲያጡት ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ፤ ከሦስት ቀን በኋላም በቤተ መቅደስ፣ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲጠይቃቸውና ሲሰማቸው አገኙት።

እሱስ የጠፋ አልነበረም፤ በአባቱ ቤት ነበር። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የእኛ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ልጁ ሶፋው ላይ ትከሻው ትከሻችንን እየነካ ተቀምጧል። ትንፋሹ ይሰማናል። እዚሁ አብሮን ያለ ይመስለናል። ከስንት ሰው ጋር የት እንደሄደ ግን አናውቅም፤ ተመልሰን ብንፈልገውም በሕግ መምህራን መካከል አናገኘውም።

ከሌላው በፊት የራሴን ልናገር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጄ አራተኛ ክፍል ነበር። አስተማሪው የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይልኩ ነበርና፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኬን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት። በደስታ ነው የሰጠሁት፤ ልጄ እንዳይቀር ብዬ። በ2013 ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ልጁም ደብተሩን ይዞ ሄደ። ስልኩ ግን ወደ መሳቢያው አልተመለሰም። እኔም አላስተዋልኩም፤ ባስተውልም ቤቱ ጸጥ ስላለልኝ ዝም አልኩ።

አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለማኅሌት ልሄድ ተነሣሁ። በልጁ ክፍል በኩል ሳልፍ ብርድ ልብሱ ከውስጥ እንደ ፋኖስ በርቷል። ገልጬ አየሁት። ክፉ ነገር ሲያይ አልነበረም። አንድ ሰው ሳሙና በቢላ እየከተፈ ነበር፤ በቃ፣ ሳሙና። «ከዚህ በፊት ምን ስታይ ነበር?» አልኩት። ሊያስታውስ ሞከረ፤ አንዱም ትዝ አላለውም። ሦስት ሰዓት ያህል የተመለከተ ልጅ አንዲት የምትወራ ነገር አልያዘም። «ስጠኝ» ብዬ እጄን ስዘረጋ ዓይኑን እያሸ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «አባዬ፣ ስትሰጠኝ መልስ አላልከኝም እኮ።»

በዚያ ሌሊት መቋሚያ ይዤ ቆምኩ እንጂ ልቤ ማኅሌት ውስጥ አልነበረም። ልጁ ልክ ነበር። ስሰጠው ቀን አልቆረጥኩም፤ ለምን እንደሚሠራበት፣ መቼ እንደሚዘጋው፣ የት እንደሚያድር አንድ ቃል አልተናገርኩም። በግ ብንሰጠው የት እንደሚያሰማራው እንነግረዋለን። ቢላ ብንሰጠው ስለቱን እናሳየዋለን። ያን ስልክ ለማስመለስ አንድ ወር ፈጀብን፤ ኩርፊያም ለቅሶም ነበረው፣ በርም በኃይል ተዘግቷል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉት ነገር ለእኔ አልሆነልኝም፤ ተቃጥሎ ነው የደረስኩት።

ደግሞ ይህን ላክልበት። አንድ ዘመድ ቤት ምሳ ተጋብዤ የሁለት ዓመት ሕፃን ሲበላ አየሁ። እናቱ ስልኩን በስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፋዋለች። ሕፃኑ ዓይኑን ከሥዕሉ ሳይነቅል አፉን እንደ ወፍ ጫጩት ይከፍታል፤ ማንኪያው ይገባል፤ ይውጣል። ገንፎ ይሁን ሽሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። በመሐል ስልኩ ጮኸ። ሥዕሉ ጠፋ፣ የሕፃኑም አፍ ተዘጋ። እናቱ ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዘች በሌላ እጇ ጥሪውን ቶሎ ዘጋችው፤ ሥዕሉም ተመለሰ፣ አፉም ተከፈተ። የደወሉት የሕፃኑ አያት ነበሩ።

እናቲቱን አልፈርድባትም። ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ፣ ሞግዚት የሌላት፣ ልጇ ሳይበላ ከዋለ ሌሊቱን የማትተኛ ሴት ናት። ግን «የመጀመሪያ ስልክ በስንት ዓመቱ?» ብለን ስንጠይቅ ስንቶቻችን ነን ከተሰጠ በኋላ የምንጠይቀው? ስልኩ በአምስተኛ ክፍል አይደለም የተሰጠው፤ በማንኪያ ነው የተሰጠው። «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ያሉት አባቶቻችን ልጅ የሚያዘው ገና በጡት ሳለ መሆኑን ያውቁ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ፌስቡኩም፣ ኢንስታግራሙም፣ ቲክቶኩም 13 ዓመት ይላሉ፤ እንግዲያው ልጁ 13 ሲሞላው ይፈቀድለት» ትላላችሁ። ይቺ 13 ከየት እንደመጣች ልንገራችሁ። ሐኪም የልጅን አእምሮ መርምሮ ያወጣት ቁጥር አይደለችም። አሜሪካኖች በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሕግ ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ መረጃ እንዳይሰበስቡ ከለከሉ፤ ኩባንያዎቹም ጣጣው እንዳይደርስባቸው «ከ13 በታች አይገባም» ብለው ጻፉ። ልጁም የልደት ዘመኑን ዋሽቶ ይሞላና ይገባል፤ በዚያ ደጅ የመጀመሪያው ሥራው ውሸት ይሆናል። እኔ እንኳ የልጄን ዕድሜ ለእንዲህ ያለ ቁጥር አልሰጥም።

ታዲያ ልኩን ከየት እናምጣ? ሩቅ አንሂድ፤ እቤታችን አለ። ልጆቻችንን ጾም እንዴት ነው ያስለመድናቸው? ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ ተነሥተን ዐቢይ ጾምን ሙሉውን እስከ ማታ ጹም አላልነውም። በፍልሰታ ነው የጀመረው፤ በልጆቹ ጾም። መጀመሪያ እስከ አራት ሰዓት፣ በሚቀጥለው ዓመት እስከ ስድስት ሰዓት፤ ጠንከር ሲል እስከ ዘጠኝ። ያለ ሰዓቱ ተደብቆ እንጀራ ቢቆርስ እናቱ አይታ እንዳላየች ታልፈዋለች፤ ማታ ግን ቀስ ብላ ትነግረዋለች። ከሁሉ በላይ እናቱ ራሷ ትጾማለች። እናት ቁርሷን እየበላች ልጅ የሚጾምበት ቤት አላየሁም። ስልኩን በራት ሰዓት ገበታው ላይ ዘርግቶ ልጁን «ዝጋ» የሚል አባት ግን ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱም እኔው ነበርኩ።

የሳሙኤል እናት ሐናም እንዲህ አደረገች። ልጇን ለእግዚአብሔር የተሳለች ሆና ሳለ ጡት እስኪተው ድረስ አልሰጥም ብላ እቤት ቆየች፤ ባሏ ሕልቃናም መልካም መስሎ የታየሽን አድርጊ አላት። ከሰጠችውም በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ቀሚስ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ያምናውን ለዘንድሮ አላለበሰችውም፤ የአዋቂውንም ሰፍታ በሕፃኑ ላይ አልጎተተችውም። ተች ስልክ የአዋቂ ቀሚስ ነው። መርካቶው፣ ባንክ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ የማታውቁት ሰው ሁሉ በአንድ ኪስ ውስጥ ታጭቆበታል። ደግሞም ማብቂያ የለውም። ድሮ ፊልም ያልቅ ነበር። ቅዳሴ እንኳ ሲፈጸም ዲያቆኑ በሰላም ግቡ ብሎ ያሰናብተናል። ያ ነገር ግን የሚያሰናብት ዲያቆን የለውም፤ ጣት ወደ ላይ በገፋ ቁጥር ሌላ ይመጣል፤ የተሠራውም እንዲያ እንዲሆን ነው። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ያቃተውን መዝጋት አሥር ዓመት ያልሞላው እንዲችለው መጠበቅ ግፍ ነው።

«ስልክ ሁሉ ክፉ ነው» እያልኩ አይደለም። እናቷ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች፣ ወሎ ውስጥ ከአያቷ ጋር የምታድግ ልጅ አውቃለሁ። ለእሷ ስልኩ የእናቷ ፊት ነው። ዓርብ ዓርብ ማታ ኔትወርክ እስኪመጣ አያትና ልጅ ደጃፍ ቆመው ይጠብቃሉ። እንዲህ ላለችው ልጅ ስልክ ይከልከል የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ግን ልብ በሉ፤ ስልኩ የአያትየዋ ነው፤ በአያትየዋ መቀነት ይታሰራል፤ ወሬው ሲያልቅ ይጠፋል። ልጅቱ እናቷን አገኘች እንጂ ስልክ አልተሰጣትም። ዋሽንግተን ያሉ ልጆችም አያቶቻቸውን አዲስ አበባ ድረስ በቪዲዮ ቢያዩ እሰየው።

አሁን ወደዚያች እናት ጥያቄ ልመለስ። «የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ይዘዋል» ያለው ልጇ ውሸታም አይደለም። ብቻዋን እንዳትሸነፍ ብዬ የፈራሁትም ይህንኑ ነው። የጋራ ወረርሽኝ ሆኖ የመጣን ነገር አንድ ቤት ብቻውን አይከላከለውም። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ በ2024 (እ.ኤ.አ.) አውጥታ ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች፤ ቅጣቱም በልጁና በወላጁ ላይ ሳይሆን በኩባንያዎቹ ላይ ነው። ይህ የመንግሥት አቅም ነው፤ የእኛ እጅ አይደርስበትም። አየርላንድ ውስጥ ግሬይስቶንስ በምትባል ከተማ ግን መንግሥት ሳያዝዝ፣ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆች ተሰብስበው «ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ እስኪገቡ ተች ስልክ አንሰጥም» ብለው በፈቃዳቸው ተስማሙ። ሁሉም ሳይሰጡ ሲቀሩ የማንም ልጅ ብቻውን የቀረ አልሆነም።

ይቺ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለችም። ዕድር መሥርተን ሬሳ የምናነሣ፣ ዕቁብ ጥለን ቤት የምንሠራ ሰዎች ነን። ስለ ልጆቻችን ስልክ ለመስማማት ግሬይስቶንስ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም።

የእኔ ምክር ይኸው ነው። ቀኖና አይደለም፤ የአንድ አባት ምክር ነው፤ ያልተስማማው ይተወው። ልጅ ብቻውን ታክሲ ተሳፍሮ ትምህርት ቤት መሄድ ሲጀምር ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ይያዝ፤ ደርሻለሁ፣ ወጥቻለሁ ይበልበት። ተች ስልክ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሳይፈተን አይሰጠው። ሲሰጠውም መልስ የሚባልበት ቀን፣ የሚዘጋበት ሰዓት አስቀድሞ ይነገረው፤ ማታም ቻርጅ የሚደረገው ከወላጆቹ ስልክ ጋር፣ ሳሎን ባለው ቡፌ ላይ ይሁን። የወላጆቹ ስልክ ጭምር ነው ያልኩት።

እኔ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንዳንድ ቀን አሁንም ተደብቄ አነሣዋለሁ።

ያቺ እናት ዛሬም መጥታለች፤ ከሴቶች መቆሚያ በኩል አይቻታለሁ። ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት አትሩጡ። ሰንበቴ ቤት ጠበል ጸዲቅ አለ። እዚያ እየቀመስን ስንት ቤት እንደምንስማማ እንቈጥራለን፤ ስም የሚጽፍ ዲያቆን ደብተር ይዞ በር ላይ ይቆማል። ስልካችሁን ግን አጥፍታችሁ ግቡ።