በአሥራ አንደኛው ሰዓት የተጠሩ

በማቴዎስ ወንጌል ያለው የወይን ቦታ ባለቤቱ ምሳሌ በተሰበከ ቁጥር አብዛኛው ምእመን በልቡ የሚሟገተው ለማለዳዎቹ ሠራተኞች ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታቸው የዋሉ ሰዎች፣ ሊመሽ አንድ ሰዓት ሲቀረው ከመጡት ጋር እኩል አንድ ዲናር ሲቀበሉ ቅር ቢላቸው ይፈረድባቸዋል? እኔ ግን ምሳሌውን የምሰማው ከኋለኞቹ ጋር ቆሜ ነው። ነርስ የሆንኩት ለንደን ውስጥ፣ ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ጠዋት የሆቴል ክፍል እያጸዳሁ ከሰዓት ኮሌጅ ተምሬ፣ ጎልማሶችን ለዩኒቨርሲቲ በሚያዘጋጀው በአክሰስ ኮርስ በኩል ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው ቀድሞ ከመጣው እኩል ሲከፈለው ፍትሕ ነው ወይስ ችሮታ? ይህ ለእኔ የኑሮዬ ጥያቄ ነው።

ሰባኪዎቻችን ፈጠን ብለው የሚያልፉት አንድ ቦታ አለ። ባለቤቱ በአሥራ አንደኛው ሰዓት ገበያ ወጥቶ፣ ቆመው ያገኛቸውን ሰዎች ለምን ሥራ ፈትተው እንደዋሉ ሲጠይቃቸው የቀጠረን ሰው የለም ብለው ነው የመለሱት። ተኝተው አረፈዱ፣ ሰነፉ የሚል ቃል የለም። እሱም መልሳቸውን አልተጠራጠረም፤ ወደ ወይኑ ቦታ ላካቸው። የምሳሌው ፍርድ በሙሉ በዚህ መልስ ላይ የቆመ ይመስለኛል። ሰው የዘገየው ጠሪ አጥቶ ከሆነ፣ የዘገየበትን ሰዓት እየቆጠሩ ዋጋውን መቀነስ በበደል ላይ በደል መጨመር ነው።

ጠሪ ያጡ በእኛም ዘንድ ሞልተዋል። አገር ቤት፣ ኢትዮጵያ፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ያን ሁሉ ልጅ በአንድ ላይ ሰነፍ ነው የሚል ካለ፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ የሌለውን፣ መምህር የጎደለውን ትምህርት ቤት ሄዶ ይይ። እኔም በጊዜዬ ነጥብ ካልሞላላቸው አንዷ ነበርኩ፤ የተማርኩበትን ክፍል አልረሳውም።

ወደ ምሳሌው ስንመለስ፣ የወይኑ ቦታ ባለቤት በዚያ ቀን ሠራተኛ ፍለጋ አምስት ጊዜ ወጥቷል። በሩ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን አልጠበቀም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1978 የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰልብኛል። የትምህርት ሚኒስቴሩ ለጥቂት የአካባቢ አስተዳደሮች ደብዳቤ ጽፎ፣ መደበኛው መንገድ ላልደረሳቸው ጎልማሶች፣ በተለይም ከአናሳ ማኅበረሰቦች ለመጡት፣ ወደ መምህርነትና ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ የሚያደርስ ትምህርት ኮሌጆች ውስጥ እንዲከፈት ጠየቀ። ዛሬ አክሰስ የምንለው ከዚያ አደገ። ነርስነት፣ ሕግ፣ ምህንድስና፣ ብዙ ነገር በዚህ በኩል ይገባል።

ምሳሌው ከእኛ ኑሮ የሚለይበት ቦታ ግን አለ፤ መደበቅም አይገባም። ኋለኞቹ የሠሩት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የአንድ ሰዓት ዲግሪ ግን የለም። አክሰስ 60 ክሬዲት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 45ቱ ደረጃ ይሰጣቸዋል፣ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያዩትም እሱን ነው። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ኤ ሌቭል የሚማር ልጅ ሁለት ዓመት የሚዘጋጅበትን እኛ ባብዛኛው በአንድ ዓመት እንጨርሳለን። ኩላሊት ደምን እንዴት እንደሚያጣራ የሚያስረዳውን ጽሑፍ የጻፍኩት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው፤ አካሉን በአማርኛ አውቀዋለሁ፣ አሠራሩን ግን በየትኛውም ቋንቋ ተምሬው አላውቅም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባም የታመሙ ሰዎች አጠገብ የሚሠራው 2,300 ሰዓት ልምምድ ለእኔ አልተቀነሰልኝም፤ ሊቀነስም አይገባውም። በሩ ሰፋ እንጂ ሥራው አላነሰም። ስለዚህ በእኔ ጉዳይ ችሮታ የሚለውን ቃል አልቀበልም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ሳወራ አንድ ወንድማችን አቋረጠኝ። አገር ቤት መሐንዲስ ነበር፤ እዚህ አውቶቡስ ይነዳል። «እኅቴ፣ አንቺ የምታወሪው ጠሪ ስላጡት ነው» አለኝ። «እኔ በማለዳ ተጠርቼ፣ ሠርቼ ጨርሼ፣ ዲግሪዬን ይዤ መጥቼ፣ እንደገና ኮሌጅ ግባና ከታች ጀምር ተባልኩ። የእኔ ቦታ የቱ ጋ ነው?»

ብዙ አስቤበታለሁ። እሱን ከሚያጉረመርሙት የማለዳ ሠራተኞች ጋር መቁጠር ግፍ ነው። እነሱ የተስማሙበትን ተቀብለዋል፤ እሱ ግን የሠራበት ተይዞበታል። ለእሱ የሚሆነው ቃል የማቴዎስ ምሳሌ ሳይሆን፣ ያዕቆብ በመልእክቱ የሠራተኛን ደሞዝ ስለሚያስቀሩ ሰዎች የተናገረው ነው። ለኋለኛው በር መክፈት የፊተኛውን ድካም ለመሰረዝ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ኮሌጅ ለሚያስፈልገው መንገድ ነው፤ ለማያስፈልገው መቀጫ ሲሆን ግን መቃወም አለብን።

የገንዘቡም ነገር መነሣት አለበት። የአክሰስ ክፍያ በብድር ይሸፈናል፤ ተማሪው ቀጥሎ ዲግሪውን ከጨረሰ ያልተከፈለው ዕዳ ይሰረዝለታል። መልካም ሕግ ነው። መሐል ላይ እናቷ ታማባት ወይም ሥራና ትምህርት አልገጥም ብሏት ያቋረጠችው ሴት ግን ዕዳዋ ይጠብቃታል። ብርታቱ የተሟላለት ምሕረት ሲያገኝ፣ የደከመው ሸክሙን ይዞ ይሄዳል። እኔ ሥርዓት የማወጣ ብሆን የማስተካክለው ይህን ነበር።

እስከዚያው ግን ወደ ገበያ መውጣት የእኛም ፋንታ ነው። በቅዳሴ ከአጠገባችሁ የምትቆም፣ ቢሮ የምታጸዳ ወይም አረጋውያን የምትንከባከብ እኅት ካለች፣ ትምህርት የት እንዳቆመች ጠይቋት። እንግሊዝኛዋ ከደከመ በኢሶል፣ ማለትም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ሰዎች በሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት፣ ትጀምር፤ ለኮርሱ የእንግሊዝኛና የሒሳብ የምስክር ወረቀት ካስፈለጋት መጀመሪያ እሱን ትጨርስ። የመኖሪያ ፈቃዷ ገና ካልተወሰነ የተማሪ ብድር ስለማታገኝ፣ ያንን ቀድማችሁ አጣሩላት። ብዙው ኮርስ የሚጀምረው በመስከረም ነው፤ ምዝገባው ደግሞ ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ይከፈታል። አድራሻ ሰጥታችሁ አትለፏት፤ አብራችኋት ሂዱ።