ያልተከሰሰ ንጉሥ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ አበው። በሬ ጠምዶ ደመና ላይ የሚወጣ ገበሬ የለም፤ ንጉሡን ችሎት አቁሞ «መልስ ስጥ» የሚልም የለም። ዳኛውም ወታደሩም የንጉሡ ሲሆኑ ክሱ ለማን ይቀርባል?

ከአዲ አርቃይ ቆላ ሽቅብ ለሚያይ ሰው የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ እንኳ ያጠራጥራል። ከሊማሊሞ ገደል በላይ ያለው የስሜን ደገኛ ደመና ከእግሩ በታች ተኝቶ ገብሱን ይዘራል። ሰማይ ሊታረስ ምን ቀረው?

ሁለተኛውን ግማሽ የፈተነችው ደግሞ የስሜኗ ደረስጌ ናት። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከስሜን ተነሥተው ትግራይን ጭምር የገዙ፣ አቡነ ሰላማን ከግብፅ ያስመጡ ኃያል ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ ድል ሆነው ታሰሩ። ካሣም ውቤ ባሠሯት ደረስጌ ማርያም፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤን የከሰሳቸው የለም። ግብር የከበደው ገበሬ በደሉን የሚያሰማበት ችሎት አላገኘም፤ እርሳቸውም የሚሟገቱበት ዳኛ አላገኙም። ዐፄ ቴዎድሮስም ቢሆኑ አገሩ በየአቅጣጫው ከሸፈተባቸው በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው አለፉ።

ዘመን ቢለወጥም ነገሩ አልተለወጠም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን የተቀደሱና ሥልጣናቸው የማይነካ አድርጎ ደነገገ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ችሎት ሳይቀርቡ ሞቱ፤ አፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ነው። በዚያው 1967 ዓ.ም. ኅዳር 14 ቀን 60 ያህል ሹማምንትና መኳንንት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። «አይከሰስም» የተባለው ሥርዓት ለራሱም መከሰሻና መከራከሪያ ችሎት ሳያቆይ ወደቀ።

እንግዲህ ተረቱ ግማሹን እውነት ብቻ ነግሮናል። ንጉሥ አይከሰስም፤ አለመከሰሱ ግን አያድነውም። በፍርድ ያልተጠየቀ በጦር ይጠየቃል። ጦር ደግሞ በዳይና ተበዳይን አይለይም፤ ዕዳው የሚወድቀው ባላገሩ ላይ ነው። በመሳፍንቱ ዘመን ያሸነፈውም የተሸነፈውም ሠራዊት የሚቀለበው ከአንዱ ገበሬ ጎተራ ነበር፤ የሚያርደውም የእርሱን በሬ ነበር።

ይህን ተረት የተረተው ሕዝብ ሌላም ተረት አለው፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች»። ሁለቱ ተረቶች አብረው መኖራቸው ብዙ ይናገራል። የመጀመሪያው ሰው የኖረበትን ይመሰክራል፤ ሁለተኛው የሚመኘውን። የፊተኛውን ምስክርነት እንደ ሕግ የቆጠርን ጊዜ ነው የተሳሳትነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ቃሉ መልካም ነው። ሆኖም የሚለካው ከአዲ አርቃይ የተነሣ አንድ ገበሬ ሹሙን ከሶ፣ ተሰምቶ፣ ቢረታም ቢሸነፍም በሰላም ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ያ ቀን ለገበሬው ብቻ አይጠቅምም። ሹሙም ከሥልጣን ሲወርድ ጦር ሳይሆን ዳኛ ይጠብቀዋል።