ደግ ሰው በሞተ ጊዜ በሕያዋን ላይ ስለሚቀረው ዕዳ

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባትህ ወይም ጎረቤትህ ወይም በአንድ የሥራ ቤት አብሮህ የደከመ ባልንጀራህ ደግ ሰው ሆኖ ኖሮ ቢሞት፣ ከቀብሩ በኋላ የምትከፍለው ዕዳ አለብህን? ብዙ ሰው «አልቅሼ ቀብሬዋለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረብኝ?» ይላል። እኔም አስቀድሞ እንደዚሁ አስብ ነበር። ዳሩ ግን አባቴ በሞተ ጊዜ የደረሰብኝ ነገር አሳቤን ለወጠው።

አባቴ አናጢ ነበረ። ባለጸጋ አልነበረም፤ ነገር ግን በሰፈራችን ድኻ በሞተ ጊዜ የሬሳውን ሣጥን ያለ ዋጋ ይሠራ ነበር፤ ጎረቤት በቸገረውም ጊዜ ያለ ዋስና ያለ ምስክር ያበድር ነበር። ከእርሱ ጋር ብዙ ዘመን የሠራ ሽማግሌ እንደ ነገረኝ፣ ጀማሪ ሠራተኛ እንጨት ያበላሸ እንደ ሆነ አባቴ ኪሣራውን በራሱ ላይ ይቈጥር ነበር። ቍጡም ነበረ፤ ይህን አልሰውርም። ነገር ግን የበደለው ሕፃን ልጅ እንኳ ቢሆን ሳይተኛ ይቅርታ ይለምነው ነበር።

በሞተ ጊዜ እድርተኛው ሁሉ መጣ። በከተሞቻችን ያለው እድር ከየወሩ መዋጮ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ዕቃ ያቀርባል፤ ጎረቤትም ምግብ እያመጣ ያስተዛዝናል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሐዘንተኛን ብቻውን አይተወውምና። አልቃሾቹም አባቴን አወደሱት፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ ጮኽሁ። ሌሊት ብቻዬን በሆንሁ ጊዜ ግን ልቤ፣ «ይህን ምስጋና በሕይወቱ ሳለ አንድ ቀን ነግረኸው ታውቃለህን?» ብሎ ከሰሰኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያም የባሰ ፈተና መጣ። በመሣሪያው ሣጥን ውስጥ የተበዳሪዎች ስም የተጻፈበት ደብተር አገኘን። ከወንድሞቼ ጋር ተማክረን፣ «አባታችን የተከበረ ሰው ነበረ፤ የአርባ ቀን ተዝካሩ ታላቅ ይሁን፤ ለድግሱም ይህን ገንዘብ እንሰብስብ» አልን። እኔም በመጀመሪያ ወደ አንዲት መበለት ቤት ሄድሁ። እርስዋ ደብተሩን ባየች ጊዜ አልካደችም። «እውነት ነው፣ ልጄ፤ አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ 12 ብር አበድረውኝ ነበር። ልከፍል በሄድሁ ቍጥር፣ በፊት ልጆችሽ ይደጉ እያሉ ይመልሱኝ ነበር» አለችኝ። ይህንም ብላ የምትሸጠውን ዕቃ ልትፈልግ በቤቷ ውስጥ ዞረች፤ ከአንድ የናስ ድስት በቀር ግን አላገኘችም።

እኔም አፈርሁ። አባቴ የራራላትን ሴት በአባቴ ስም ላስለቅሳት ቆሜ ነበርና። «ይተዉት፣ እናቴ» ብያት ወጣሁ። ወንድሞቼ ይህን በሰሙ ጊዜ ታናሹ፣ «ስማችንን አዋረድኸው» ብሎ ተቈጣ፤ ሁለት ዓመትም አላነጋገረኝም። ደብተሩ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ።

አንባቢ ሆይ፤ ተዝካር ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ክርክር ዛሬ አልገባም። የምጠይቅህ ይህን ነው፤ ሟቹን ለማክበር የምናደርገው ነገር ሟቹ ራሱ ቢያየው የሚያፍርበት ከሆነ፣ የምናከብረው ማንን ነው? እኛ ሦስቱ ወንድማማች ልናከብር የፈለግነው የራሳችንን ስም ነበረ።

በሐዋርያት ሥራ የተጻፈችውን ጣቢታን አስብ። በሞተች ጊዜ መበለቶች እያለቀሱ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር። ምስክርዋ በሰውነታቸው ላይ ነበረ።

ደግሞም በእውነት ማሰብ ይገባል። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት የተሸጠ ሰው ነበረ፤ ነጻ ወጥቶ ከተማረ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ታተመ፤ እርሱም በ1931 በነቀምት አረፈ። ዳሩ ግን እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችውንና በቋንቋው ሥራ ያገዘችውን አስቴር ጋኖን ሳይጠሩ እርሱን ብቻ የሚያመሰግኑ አሉ። ባልንጀራን በእውነት ማሰብ ከእርሱ ጋር የደከመውንም ማሰብ ነው። እንደዚሁም የአባቴን ቍጣ ሰውሬ ደግነቱን ብቻ ብናገር፣ ይቅርታ መለመኑንም አብሬ እቀብረዋለሁ፤ ይህም ከሥራው ሁሉ የከበረው ነበረ።

ምናልባት፣ «ሙት ምስጋናችንን አይሰማም፤ እንግዲህ ዕዳው ለማን ይከፈላል?» ትለኛለህ። መልካም ጠየቅህ። ለሟቹ ልንመልስለት አንችልም፤ እርሱ ይራራላቸው የነበሩት ግን ዛሬም በሰፈርህ አሉ። ጀማሪው ሠራተኛ ዛሬም እንጨት ያበላሻል፤ የሚሸከምለት ግን ሞቷል። ቦታው ባዶ ነው፤ ዕዳውም ያ ባዶ ቦታ ነው።

እንግዲህ አባትህ በሕይወት ካለ ይህን ወረቀት አጥፈህ ሂድ፤ እኔ ያልነገርሁትን አንተ ንገረው። ሞቶ እንደ ሆነ ደግሞ የሚወደውን ሥራ አንዱን መርጠህ ያዝ። እኔ ሣጥን መሥራት አላውቅም፤ ነገር ግን በሰፈራችን ድኻ በሞተ ጊዜ የሣንቃውን ዋጋ እከፍላለሁ። በዚያም ቀን አባቴን ከልቅሶው ቀን ይልቅ አስበዋለሁ።