በሰው ሕመም መማር ተገቢ ነውን?

ሕመምተኛ ይዘን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በገባን ጊዜ ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች በአልጋው ዙሪያ ቆመው ሲመለከቱ ብዙዎቻችን አይተናል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ገና ሐኪሞች አይደሉም፤ የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። «ወንድሜ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ የሌላ ሰው መማሪያ ሊሆን ይገባዋልን?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ከቀና ሕሊና የመነጨ ነው።

ፈላስፋው አማኑኤል ካንት (1724–1804) ሰው ለሌላ ዓላማ መጠቀሚያ ብቻ ሆኖ ሊታይ እንደማይገባው አስተምሯል። እዚህ ላይ «ብቻ» የምትለው ቃል ልብ ልትባል ይገባታል። ዛሬ ተማሪው በሕመምተኛ አጠገብ ቆሞ ካልተማረ ነገ ለሚታመመው ሐኪም አይገኝለትምና። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀመር ያስተማሩት መምህራኑ ብቻ አይደሉም፤ ስማቸው ያልተጻፈ ሕመምተኞችም ናቸው። እንግዲህ ሕመምተኛው የተማሪው መምህር ከሆነ ተማሪው ዕዳ አለበት ማለት ነው። ይህ ዕዳ በምን ይከፈላል?

በመጀመሪያ በእውነት ይከፈላል። ተማሪው ስሙንና ተማሪ መሆኑን ተናግሮ ፈቃድ ይጠይቅ እንጂ በጋዋኑ አይሸሸግ። ራሱን የሳተ ሰው ግን ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም። በዚህ ጊዜ ተማሪው «ይህ ሥራ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው ወይስ ለእኔ?» ብሎ ራሱን ይመርምር። ለሕመምተኛው የማያስፈልገውን፣ ለእጁ ማለማመጃ ሲል ብቻ ሊያደርገው አይገባም። ቤተሰብ ሳያውቅ በሞተ ሰው አካል ላይ መለማመድም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል።

ሁለተኛው ክፍያ ዝግጅት ነው። ኦክስጂኑ፣ የደም ግፊት መለኪያውና አክታና ደም መምጠጫው የት እንደሚቀመጡ ተማሪው ተራው ሳይደርስ ነርሶችን ጠይቆ ይወቅ። የበሽታውን ስም ከመፈለጉ በፊት የአየር ቧንቧውን፣ ቀጥሎ አተነፋፈሱን፣ ከዚያም የደም ዝውውሩን መመልከትን ይልመድ። ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል፤ የሚጫነው ሰው ስለሚደክም በየሁለት ደቂቃው ይለወጣል። አስቀድሞ በአሻንጉሊት አካል ላይ የተለማመደ ተማሪ በዚያች ሰዓት ትርፍ ሰው አይደለም። መማሩና ማገልገሉ አንድ ይሆናሉ።

ሦስተኛው ጊዜን መስጠት ነው። የናፖሊዮን ሠራዊት ቀዶ ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬይ (1766–1842) ማዕረግ ሳይለይ በጽኑ የቆሰለው አስቀድሞ እንዲታከም አድርጓል። ዛሬም በድንገተኛ ክፍል የሚቀድመው ቀድሞ የመጣው ሳይሆን ሕመሙ የጸናበት ነው። ሥርዓቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም እጃቸው የተሰበረ አንዲት እናት በዚህ ምክንያት ረጅም ሰዓት ይጠብቃሉ። ተረኛው ሐኪም ጊዜ የለውም፤ ተማሪው ግን አለው። የሚጠብቁበትን ምክንያት ሊያስረዳቸው፣ የልብ ምታቸውን ደግሞ ሊቆጥር፣ ሕመሙ ከባሰም ለሐኪሙ ሊያስታውቅ ይችላል። ትልቅ ቁስል ብቻ ለማየት የሚሯሯጥ ተማሪ ይህን ትምህርት ያጣዋል።

እንዲሁም የመምህሩን ቃል ከመስማቱ በፊት የራሱን ግምት ይጻፍ፤ በማግሥቱም ሕመምተኛው ወደ ተኛበት ክፍል ሄዶ ግምቱን ከውጤቱ ጋር ያስተያይ። በዚህም ከዕውቀቱ ጋር ትሕትናን ያገኛል፤ ሕመምተኛውም የአንድ ሌሊት ትዕይንት ሆኖ አይረሳም።

ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ በሕክምና ትምህርት ላይ ያሉ ልጆቻችን ከተራቸው ሲመለሱ «ምን አየህ? ምን አየሽ?» ከማለታችን በፊት «ማንን ረዳህ? ማንን ረዳሽ?» ብለን እንጠይቃቸው። ተማሪው ፈቃድ ሲጠይቀን እምቢ ማለት መብታችን ነው። እሺ ስንል ግን ለማናውቀው የነገ ሕመምተኛ ስጦታ መስጠታችንን እንወቅ።