አምስቱም ጣት እኩል አይደለም

ልጄ፣ ትናንት ደጀን ገበያ ላይ ያሳየኸኝ የጤፍ ዋጋ መመዝገቢያ ድረ ገጽ መልኩ ያምራል። ግን ገበሬው ሲነካው የሆነውን አብረን አየን። በሰነጣጠቀ አውራ ጣቱ ቁልፉን ጫን አድርጎ ቢይዘው ብራውዘሩ የራሱን ሜኑ ዘረገፈበት፤ ደግሞ ሲሞክር ገጹ ሸሸበት። አንተም «አነካኩን አልቻለበትም» አልክ። ይህቺን ቃል አልወደድኳትም። አምስቱም ጣት እኩል አይደለም፤ ማጭድ ሲጨብጥ የኖረ ጣት እንዳንተ ጣት አይነካም። ጥፋቱ የእኛ የሠሪዎቹ ነው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎንን ሲያወጣ ድረ ገጽ ሁሉ የተጻፈው ለማውስ ነበር። ስለዚህ ብራውዘሩ የጣቱን ንክኪ ከነገረህ በኋላ የማውስ ጠቅታ አስመስሎ ይደግምልሃል። ሁለቱንም የሚሰማ ኮድ አንዱን ንክኪ ሁለት ብሎ ይቆጥራል። በእኔም ሥራ ደርሷል፤ አንድ ኩንታል ያስረከበ ሰው ሁለት ተብሎ ተመዝግቦ፣ ሒሳቡ እስኪጣራ ሦስት ቀን ተመላልሷል። ሰውየው እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ጣትን፣ ማውስንና ብዕርን በአንድነት የሚያስተናግድ «ፖይንተር ኢቨንት» የተባለ መንገድ አመጣ። በ2015 መስፈርት ሆኖ ጸደቀ፤ ሳፋሪ የተቀበለው ግን በ2019 ነው። ዛሬ ክሮምም ፋየርፎክስም ያውቁታል፤ እሱን ያዝ። «ተች አክሽን» በሚባለው መመሪያ የትኛው የጣት እንቅስቃሴ የብራውዘሩ፣ የትኛው ያንተ እንደሆነ እንደ ማሳ ድንበር ለይ። ብራውዘሩ ገጹን ሊያንሸራትት ንክኪውን ሲወስድብህ «ፖይንተር ካንስል» ይልክልሃል፤ ያን ጊዜ የጀመርከውን ተው፣ አለዚያ ቁልፉ እንደተጫነ ይቀራል።

ለተራ ቁልፍ ይህ ሁሉ አያሻም፤ ክሊክ ይበቃዋል። አሮጌ ስልክም ይረዳዋል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ ጣት ማንሸራተት የሚፈልግ ሥራ ካለህም አጠገቡ ተራ ቁልፍ አስቀምጥ። ቁልፉንም አታሳንሰው። ጎግል 48 ዲፒ፣ አፕል 44 ፖይንት የሚል ዝቅተኛ የቁልፍ መጠን ያወጡት በምክንያት ነው። ዓባይ በረሃን በሚወርድ መኪና ውስጥ ስልክ የሚነካ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ኮምፒውተር ላይ በተመሰለ ስልክ ብቻ ስህተት መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ተመልሰህ ሂድ፤ ከሁሉ አስቀድመህ ያን ገበሬ በስልኩ እንዲያስሞክርህ በትሕትና ለምነው።