የገተማው ቀፎ

ያዮ ጫካ ዳር የሚኖር አንድ ንብ አንቢ ነበር አሉ። ቀፎውን ከሐረግ ሠርቶ፣ በወይራ ጭስ አጥኖ ከገተማ ዛፍ ላይ ሰቀለ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ መንጋ አልገባበትም። ጎረቤቶቹ «ለአይጥ ቤት ሠራህላት» እያሉ ሳቁበት።

በመጨረሻ ንቡ ገባ። በዚያው ሰሞን ከመቱ የመጣ ነጋዴ ዛፉ ሥር ቆሞ አንጋጠጠና፣

«ወንድሜ፣ ስንት ልበልህ?» አለው።

«ማሩን ነው?»

«ማሩንም፣ ንቡንም፣ ቀፎውንም። ከእንግዲህ የሚቆረጠውን ሁሉ።»

ሰውየው የልጆቹ ልብስና የበዓሉ በግ ታየው። ብሩን ቆጥሮ ወረቀቱ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

ከመንጋው መንጋ እየወጣ የነጋዴው ቀፎ በዛ። ነጩ ማር በጎሬና በበደሌ ስም አወጣ፤ አዲስ አበባም ደርሶ የነጋዴው ስም ተጻፈበት። ንብ አንቢው አርጅቶ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ መቱ ገበያ የሰው ጆንያ ሲሸከም ያንን ማር አገኘው። «የእኔ ነው» ቢል ባለሱቁ «አባባ፣ ጽሑፉን አያዩም?» አለው።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አስነብበው ሽያጩን አጸኑ፤ ጣቱን አሳርፏላ! ከዚያ ግን ወደ ነጋዴው ዞረው «ቀፎውን ማን ሰቀለው?» አሉት። ዝም አለ። በየዓመቱ ቀለብ እንዲሰፍርለት፣ በማሩ ዕቃ ላይም የሰቃዩን ስም እንዲጽፍ አደረጉት።

የንብ አንቢው ዕጣ በአሜሪካ ኮሚክስ ሠሪዎችም ላይ ደርሷል። ጸሐፊው ጄሪ ሲገልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር የክሊቭላንድ ልጆች ነበሩ። አሳታሚ ሁሉ ሲመልስባቸው የኖረውን «ሱፐርማን» የተባለ ጀግና በ1938 እ.ኤ.አ. ከነመብቱ ለአንድ አሳታሚ በ130 ዶላር ሸጡ። ለጥቂት ዓመታት እየጻፉና እየሳሉ ደህና ገንዘብ አግኝተዋል፤ ውለታውን መካድ አይገባም። መብቱን እናስመልስ ብለው ሲከሱ ግን ሥራቸውንም አጡ። በ1975 ትልቅ ፊልም ሊሠራ መሆኑ ሲሰማ ሲገል ለጋዜጦች ጮኸ፤ ሠዓሊው ኒል አዳምስም ሽማግሌ ሆነላቸው። የሱፐርማን መብት በእጁ የነበረው ዋርነር ኩባንያ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ቆረጠላቸው፤ ስማቸውም በ1978ቱ ፊልም ላይ ወጣ። ይሉኝታ ይዞት ነው? የፊልሙ ገበያ እንዳይበላሽበት ፈርቶ ይመስለኛል። የ«ባትማን» ጸሐፊ ቢል ፊንገር ይህንንም አላገኘም፤ በ1974 ሞተ፣ የፈጣሪነት ስሙ በባትማን ፊልም ላይ የተጻፈለት በ2016 ነው።

እኛም አገር እጣን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ጀግና በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል። በሕግ በኩል ከሲገል ዘመን እንሻላለን፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው ይላል፤ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብትም ሰጥቶታል። አዋጁ ግን ሲፈርሙ አጠገብ ቆሞ እጅ አይዝም።

እናንተ መቱ፣ ጎሬና በደሌ ላይ በደብተር ጀርባ ጀግና የምትሥሉ፣ ታሪክ የምትጽፉ ልጆች፣ አንድ ቀን ፊልም ሠሪ ወረቀት ይዞ ይመጣ ይሆናል። ለስንት ዓመት ነው? ለስንት ፊልም? ስሜስ የት ይጻፋል? ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ውሉ ላይ ካልሰፈረ አትፈርሙ።